ከጭልፊት የተማርነው ለማን ይውላል?



በአረፋ ዕለት በግቢያችሁ በግ አርዳችሁ የምታውቁ ከሆነ አሁን የምነግራችሁ ነገር እንግዳ አይሆንባችሁም። ቆዳው ገና ተገፎ ሳያልቅ ሰማዩ ላይ ጭልፊቶች ይሰበሰባሉ። ማን እንደ ጠራቸው አይታወቅም። ክንፋቸውን ዘርግተው ከቆርቆሮው ጣራ በላይ ይዞራሉ፣ ይዞራሉ፤ ከዚያ አንዷ ሳትታሰብ እንደ ድንጋይ ወርዳ ከትሪው ላይ አንድ ቁራጭ ይዛ እብስ ትላለች። እናቶች ይጮኻሉ፣ ልጆች ይስቃሉ፣ በጉን የሚበልተውም «ድርሻዋን ወሰደች» ብሎ ሥራውን ይቀጥላል።

ከብዙ ዓመታት በፊት በእህቴ ግቢ ይኸው ሆነ። ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ የነበረው የእህቴ ልጅ ግን አልሳቀም። ጭልፊቷን በዓይኑ ተከተላት። ጉበቱን እንደ ያዘች፣ አንድ ጊዜ እንኳ ክንፏን ሳታራግብ፣ እየዞረች ከባሕር ዛፉ ጫፍ በላይ ወጣች። «አጎቴ፣ ሳታራግብ እንዴት ወደ ላይ ትወጣለች?» አለኝ። «አላህ ነው የያዛት» አልኩት። ልጁ ትንሽ አሰበና «እሱንማ አውቃለሁ፤ በምን ያዛት?» አለኝ። ሳቅሁና ሥጋ እንዲያቀብል ላክሁት።

መልሴ ስሕተት አልነበረም። ነገር ግን በሱረቱል ሙልክ ከበላያችን የሚበሩትን ወፎች፣ ክንፍ መዘርጋታቸውንና መሰብሰባቸውን፣ እንድናይ ተጠርተናል። ጥሪው እንድናይ ነው። እኔ ደግሞ ልጁ ማየት በጀመረባት ቅጽበት ነው ወደ ትሪው የመለስኩት። ትክክለኛ መልስም አንዳንድ ጊዜ ለስንፍና መሸፈኛ ይሆናል።

ያ ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ነው። ምሕንድስና ተምሮ ለከፍተኛ ትምህርት ባሕር ማዶ ሄዷል። ከጥቂት ወራት በፊት ስልክ ደውሎ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በዚያ ጥያቄ ምክንያት ነው። ጥያቄውን ከመናገሬ በፊት ግን እሱና መሰሎቹ ስለሚያጠኑት ነገር ጥቂት ላውራችሁ፤ ነገሩን ሳያውቁ መፍረድ በእኛ ዘንድ የበዛ በሽታ ነውና። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቡና ሲፈላ የዕጣኑን ጭስ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ከማጨሻው ሲነሣ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ይወጣል። አንድ ስንዝር ወይም ሁለት ስንዝር ከሄደ በኋላ መወዛወዝ ይጀምራል፤ ከዚያ ይበጣጠሳል፣ ይጠመዘዛል፣ ትልቁ አዙሪት ትንንሽ አዙሪቶችን ይወልዳል፣ እነሱም ከነሱ ያነሱትን። አየሩ ያው አየር፣ ጭሱም ያው ጭስ ነው። ሥርዓት የነበረው ነገር በዓይናችን ፊት ሁከት ይሆናል። በ1883 ኦስቦርን ሬይኖልድስ የተባለ የማንችስተር መምህር ይህንኑ በውሃ አሳየ። በመስተዋት ቧንቧ በሚፈስ ውሃ መካከል ቀጭን የቀለም መስመር ለቀቀ። ውሃው ቀስ ሲል መስመሩ ሳይበላሽ ይሄዳል፤ ፍጥነቱ ሲጨምር በድንገት ይበተናል። ከዚያ ወዲህ ስንት ታላላቅ የሒሳብ ሊቃውንት ደከሙበት! የውሃንና የአየርን ፍሰት የሚገልጹት ቀመሮች ከመቶ ዓመት በላይ ታውቀው ሳለ ጠባያቸው እስከ መጨረሻው አልተፈታም። ክሌይ የሚባለው የአሜሪካ የሒሳብ ተቋም በ2000 ስለ እነዚህ ቀመሮች ላቀረበው አንድ ጥያቄ መልስ ለሚያመጣ ሰው 1 ሚሊዮን ዶላር እሰጣለሁ ብሏል። ገንዘቡን እስካሁን የወሰደ የለም።

ጭልፊቷ ግን በዚህ ባልተፈታው ነገር ውስጥ ውላ ታድራለች። የእህቴ ልጅ «በምን?» ላለው መልሱ በከፊል ይኸው ነው፦ ፀሐይ የቆርቆሮውን ጣራና አስፋልቱን ስታግል ከላዩ ያለው አየር ይሞቅና ወደ ላይ ይነሣል። ጭልፊቷ ያን የሚነሣ አየር ፈልጋ ትገባበትና በውስጡ ትዞራለች። በአየሩ ውስጥ ቀስ እያለች ትወርዳለች፤ አየሩ ግን እሷ ከምትወርደው ፈጥኖ ስለሚወጣ ይዟት ይወጣል። በደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች ኮንዶር የሚባል እስከ 15 ኪሎ የሚመዝን ጥንብ አንሳ አለ። ተመራማሪዎች መሣሪያ አስረውበት በ2020 ያወጡት ጥናት ከበረራ ጊዜው ክንፉን የሚያራግበው 1 በመቶ ያህሉን ብቻ መሆኑን አሳየ። ከመካከላቸው አንዱ ከ5 ሰዓት በላይ፣ 172 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ሳያራግብ በሯል። በመኪና ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ደብረ ብርሃንን አልፎ የመሄድ ያህል ነው፤ ያለ ነዳጅ።

ይህ የረጋው ቀን ነው። ነፋሱ ሲታወክስ? በ2016 በአሜሪካ አንድ ወርቃማ ንስር ተይዞ እንቅስቃሴውን የሚመዘግብ መሣሪያ ታሰረበትና ተለቀቀ። ከሁለት ሳምንት በላይ የተሰበሰበውን መዝገብ የኮርኔል ዩኒቨርስቲ ሰዎችና ባልደረቦቻቸው መርምረው በ2021 አሳተሙት። የንስሩ መንገጫገጭ የአየሩን ሁከት አሻራ የያዘ ሆኖ ተገኘ። ከዚያም የተነሣው ጥያቄ ድንቅ ነው። ንስሩ ሁከቱን የሚታገለው ነው ወይስ የሚጠቀምበት? በእንግሊዝ አገር ደግሞ የብሪስቶል ዩኒቨርስቲና የለንደኑ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ተመራማሪዎች አንዲት የሠለጠነች ጉጉትን በማራገቢያዎች ላይ አበረሯት። ከታች የሚመታት ነፋስ እሷ ከምትበርበት ፍጥነት ጋር የሚወዳደር ነበር። በ2020 እንዳሳተሙት ክንፎቿ ከትከሻቸው ወደ ላይ ብድግ ሲሉ ራሷና ደረቷ ከቦታቸው እምብዛም አልተናነቁም። ለመጀመሪያዋ ቅጽበት የሚያገለግላት የክንፏ አሠራር እንጂ አእምሮዋ አይደለም፤ ገና ምቱን ሳታውቀው ክንፏ እንደ ጥሩ መኪና ሞላ ተቀብሎላታል። ንቦችም የራሳቸው ዘዴ አላቸው። በ2009 የወጣ ጥናት ነፋሱ ሲበረታባቸው የኋላ እግሮቻቸውን ዘርግተው ከመገልበጥ እንደሚድኑ ያሳያል። ሱብሓነላህ! ይህን የሚያነብ ሰው «ሳይንስ ገለጸው፤ እንግዲህ ተአምርነቱ ቀረ» ቢል እኔ አልገባኝም። እኔ ጉጉትን የፈራሁትን ያህል አደንቃት ዘንድ ያስቻለኝ ይህ ጥናት ነው።

ታዲያ ዩኒቨርስቲዎች ይህን ሁሉ የሚደክሙት ለምንድን ነው? ለአድናቆት ብቻ አይደለም። ትልቁ የመንገደኞች አውሮፕላን በሰከንድ 250 ሜትር ያህል ስለሚበር በሰከንድ 5 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ቢመታው ሻይ ያፈስስ ይሆናል እንጂ አይወድቅም። በሰከንድ 10 ሜትር ለምትበር ትንሽ አውሮፕላን ግን ያው ነፋስ የፍጥነቷ ግማሽ ነው። በሕንጻዎች መካከል፣ በገደል አፋፍ፣ በዛፍ ጫፍ ላይ ይገለብጣታል። ጭልፊቷ የምትውለው እዚያ ነው። ስለዚህ ትንሽ አውሮፕላን የሚሠራ ሰው መምህሩ ጭልፊት ናት።

አስተማሪዋ አዲስ አይደለችም። ከ1100 ዓመት በፊት በቁርጡባ የኖረው ዐባስ ኢብኑ ፊርናስ ላባ ለብሶና ክንፍ ሠርቶ ከከፍታ ላይ እንደ ተነሣ፣ ጥቂት እንደ በረረና ሲያርፍ ጀርባው እንደ ተጎዳ የታሪክ ጸሐፊው አል መቀሪ ጽፏል። ምክንያቱንም አስቀምጧል፤ ወፍ ስታርፍ በጅራቷ እንደምትረዳ ሳያስብ ጅራት ሳይሠራ ቀረ። ይህ ሰው በ887 ሞተ። ልጆቻችን ስሙን ሊያውቁት ይገባል። ጅራቱን መርሳቱንም ጭምር፤ መነሣቱን አጥንቶ ማረፊያውን ሳያስብ የቀረው እሱ ብቻ አይደለምና።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ ልመለስ። በሚማርበት ዩኒቨርስቲ ትንሽ አውሮፕላን በታወከ አየር ውስጥ ሳትናወጥ እንድትበር የሚያስችል ጥናት ላይ ቦታ ተሰጠው። ደመወዝ አለው፤ ከደመወዙ ለእናቱ የቤት ኪራይ ይልካል። የመኖሪያ ፈቃዱም ከዚሁ ቦታ ጋር የተያያዘ ነው። የጥናቱ ወጪ ግን የሚሸፈነው ከአንድ የጦር መሥሪያ ቤት ነው። ይህ ያልተለመደ ነገር አይደለም፤ የአሜሪካ አየር ኃይልና ባሕር ኃይል የምርምር ቢሮዎች ለወፎችና ለነፍሳት በረራ ጥናት ገንዘብ ሲሰጡ ቆይተዋል። «አጎቴ፣ ኒያዬ ንጹሕ ነው፤ እኔ የማጠናው ነፋስን ነው። ኃጢአት አለብኝ?» አለኝ።

እኔ ሙፍቲ አይደለሁም። ፈትዋ የሚሰጡ ዓሊሞች አሉ፤ ወደነሱ መራሁት። ነገር ግን አጎት ነኝና ዝም ማለት አልቻልኩም።

አስቀድሜ የማውቀውን ሁለቱን ፊት አሰብኩ። በሩዋንዳ ከ2016 ጀምሮ ዚፕላይን የሚባል ድርጅት በትንንሽ ሰው አልባ አውሮፕላኖች ለሆስፒታሎች ደም ያደርሳል። አውሮፕላኗ ከሆስፒታሉ በላይ ትደርስና ደሙን በትንሽ ጃንጥላ ትጥላለች፤ የወለደች እናት ደም ሲፈሳት መኪና ኮረብታውን ዞሮ እስኪመጣ አይጠበቅም። ይህች አውሮፕላን ነፋስ እንዳይገለብጣት የሚደክም ሰው ሥራው ሶደቃ አይደለምን? በሌላው ፊት ደግሞ ነሐሴ 29 ቀን 2021 በካቡል አንድ የአሜሪካ ሰው አልባ አውሮፕላን የተኮሰው ሚሳይል አሥር ሰላማዊ ሰዎችን ገደለ፤ ሰባቱ ልጆች ነበሩ። የጦሩ አዛዦች ከሦስት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ስሕተት እንደ ነበረ አመኑ። ያ አውሮፕላን ትልቅ ነበር፣ ከጭልፊትም የተማረው ብዙ ነገር የለም ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ግን ትንንሾቹም ተከትለውታል። ከ2022 ወዲህ በዩክሬን ጦርነት በእጅ የምትያዝ አውሮፕላን ፈንጂ ታስራ አንድን ወታደር እስከ ጉድጓዱ ታሳድዳለች። ጥፋቱንም ወደ ሌላው ብቻ አንጣለው፤ በ2016ና በ2017 በሞሱል ራሱን እስላማዊ መንግሥት ብሎ የጠራው ቡድን ከሱቅ በተገዙ ትንንሽ አውሮፕላኖች ቦምብ ይጥል ነበር። በእኛም አገር ከ2020 በኋላ በነበረው ጦርነት «ድሮን» የሚለው ቃል ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች ሳይቀሩ የሚያውቁት ቃል ሆኗል።

አንድ የምናከብራቸው ሽማግሌ ይህን ስነግራቸው «ይተወው! ዕውቀቱም ይቅርበት» አሉ። እኔ አልተስማማሁም። ዕውቀትን ትቶ መሸሽ ተቅዋ የሚመስላቸው ሰዎች ደሙን ማን እንዲያደርስ ነው የሚፈልጉት? በአላህ ፍጥረት ውስጥ ያለውን ምልክት አንብቦ መረዳትንስ ለማን ነው የተውነው? እህቴ ደግሞ በተቃራኒው «ሥራው ሐላል ነው፤ ልጁ ኒያው ጥሩ እስከሆነ ድረስ አታስጨንቀው» አለችኝ። ቤት ኪራዩን እያሰበች መሆኑን አውቃለሁ፤ አልፈርድባትም። ከሁለቱም የሚያወጣኝን መንገድ ፍለጋ ወደ ፊቅህ ኪታቦች ሄድኩ።

ሊቃውንቱ አውሮፕላን አላዩም፤ የወይን ጭማቂና ሰይፍ ግን አይተዋል። ጭማቂውን ኸምር እንደሚያደርገው ለሚታወቅ ሰው መሸጥ ይፈቀዳልን? በፊትና ጊዜ ለበጥባጮች መሣሪያ መሸጥስ? የማሊኪና የሐንበሊ ሊቃውንት ሁለቱንም ከልክለዋል። ኢማሙ አቡ ሐኒፋ ግን ለዩዋቸው። ጭማቂው በራሱ ኃጢአት የለበትም፤ ኸምር የሚሆነው ከተለወጠ በኋላ፣ በሌላ ሰው እጅ ነው። ሰይፉ ግን ሳይለወጥ፣ እንዳለ፣ ይገድላል። በአቡ ሐኒፋ የመጀመሪያ ፍርድ ላይ ደቀ መዛሙርቶቻቸው ጭምር አልተስማሙም፤ እኔም የማነሣው ፍርዱን ሳይሆን መለያውን ነው። ምክንያቱም የልጁ ጥያቄ ይኸው ሆኖ አገኘሁት፦ እሱ የሚሸጠው ጭማቂውን ነው ወይስ ሰይፉን?

የዕጣን ጭስ ለምን እንደሚበጣጠስ የሚመረምር ሰው ከጭማቂም በፊት ነው፤ ገና ወይኑን እየተከለ ነው። ጉጉት በነፋስ ምት ራሷን እንዴት እንደምታረጋ የሚያጠና ጭማቂ ይዟል። ይህንኑ ዕውቀት ወስዶ የአንዲት አውሮፕላን ዓይን ከሚያሳድዳት ሰው ላይ እንዳይነቀል የሚያስተካክል ግን ሰይፍ እየሳለ ነው። በሦስቱ መካከል አጥር የለም። ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገረው በአንድ ጀምበር አይደለም፤ በየዓመቱ በሚታደስ ውል፣ በትንሽ በትንሽ፣ ሁልጊዜም «እኔ ነፋስ ነው የማጠናው» እያለ ነው።

ስለ ኒያው የነገርኩትም ይህን ነው። ሥራ በኒያ መመዘኑን አልክድም። ኒያ ግን እኔ ወዳሰብኩበት የሚወስደኝ ነው እንጂ ላየው ያልፈለግሁትን ነገር የምሸፍንበት ነጠላ አይደለም። ጎረቤቱ ቢላ ሲበደር ፊቱ በቁጣ እየነደደ መሆኑን አይቶ «ሽንኩርት ሊከትፍበት ይሆናል» ብሎ የሚሰጥ ሰው ኒያው ምን ይጠቅመዋል? ልጁ «እኔ ብተወው ሌላ ሰው ይይዘዋል» አለኝ። ይይዘው። ነገ በአላህ ፊት ስለዚያ ሰው የምትጠየቀው አንተ አይደለህም አልኩት። ዝም አለ። ዝምታው ከብዶኝ ስለ አየር ጠባይ ጠየቅሁት።

በሌላ ቀን ደወልኩለትና የዐብዱላህ ኢብኑ ዑመርን (ረ.ዐ) ነገር አነሣሁለት። ወጣቶች አንዲት ወፍ አስረው ዒላማ አድርገው በቀስት ሲወረውሩባት ደረሱባቸው። ወጣቶቹ ሲያዩአቸው ተበተኑ። እሳቸውም ይህን ያደረገውን ረገሙ፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነፍስ ያለውን ነገር ዒላማ የሚያደርገውን መርገማቸውንም ተናገሩ። ይህ ሐዲስ ስለ አንዲት ወፍ ነው። ወፏ ያስተማረችን በረራ ተገልብጦ ሰውን ዒላማ ለማድረግ ቢውልስ? ልጁ «ይህስ ከበደኝ» አለ። እንዲከብደው ነበር የፈለግሁት፤ እንዲሸሽ ግን አይደለም።

ስለዚህ መምህሩን ሁለት ነገር እንዲጠይቅ መከርኩት። የመጀመሪያው፦ የጥናቱ ውጤት በግልጽ ይታተማል ወይስ ይደበቃል? ዕውቀት እንደ ወይን አይደለም፤ ወይን ከተሸጠ ለገዛው ብቻ ነው። የታተመ ዕውቀት ለደም አድራሹም ለቦምብ ጣዩም እኩል ይደርሳል፤ ይህ አስፈሪ ቢሆንም ቢያንስ ደጉ ሰው ድርሻውን ያገኛል፣ ዓለምም ምን እንደ መጣባት ታውቃለች። የተደበቀ ዕውቀት ግን ገዢውን አስቀድሞ መርጧል። እንዲህ ያለውን ሥራ የሚይዝ ሰው ጭማቂ እየሸጥኩ ነው ሊል አይችልም። ሁለተኛው፦ ጥናቱ ከነፋስ ወደ ዒላማ የሚሻገርበት ቀን ቢመጣ ይነገረኛልን? በዚያን ቀን ትምህርቴን ሳላጣ መውጣት እችላለሁን? አማናን የተቀበለ ሰው የተቀበለው ነገር ወዴት እንደሚሄድ የማወቅ መብት የለውም ከተባለ የተሰጠው አማና ሳይሆን ሸክም ነው።

እንዲህ መጠየቅ ቀላል አይደለም። ባሕር ማዶ ያለ፣ ስሙ ሙሐመድ የሆነ ተማሪ፣ የጦር መሥሪያ ቤት ገንዘብ ስለ መጣበት ጥናት ጥያቄ ሲያበዛ እንዴት እንደሚታይ ልጁ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። ሌሊቱን እህቴ «ልጄን ሥራ ልታስፈታው ነው» ብላ አለቀሰችብኝ። እናንተ ወላጆች፣ ልጃችሁ በትምህርቱ ሲገፋ ዲፕሎማውን ግድግዳ ላይ ለመስቀል እንደምትቸኩሉ አውቃለሁ፤ እኔም የእሱን ሰቅያለሁ። ምን እንደሚያጠና ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር የምትናገሩ ስንቶቻችሁ ናችሁ? ልጁ እስኪደውል ድረስ እኔ ራሴ «አውሮፕላን ነገር» ከማለት አላልፍም ነበር። በዘጠኝ ዓመቱ ጠይቆኝ ወደ ትሪው የላክሁት ልጅ ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ እንደገና ጠየቀኝ።

ባለፈው ሳምንት ደወለ። ጠይቋል። መምህሩ አልተቆጡም፤ እንዲያውም ወንበር ስበው አስቀመጡት። ውጤቱ በሙሉ እንደሚታተም ነግረው ከውሉ ላይ አንቀጹን አሳዩት። ስለ ሁለተኛው ጥያቄ «ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ላስብበት» አሉት። ይህ ከሆነ አንድ ወር አለፈ። እስካሁን አልመለሱለትም፤ እሱም ውሉን ገና አልፈረመም።